ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ አይጾምም

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። 28 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰውነት ግንባታ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ስጀምር 58 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 81 ነኝ። በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጂም እገባለሁ፣ ስወጣ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ድሮ ክራር እጫወት ነበር። ያስተማረኝ አጎቴ ነው፣ አሁን በሕይወት የለም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እንጫወት ነበር። ሁለቱንም ካቆምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ኳሱን ያቆምኩት ሩጫ ጡንቻ ይበላል ስለተባልኩ ነው። ክራሩን ለምን እንዳቆምኩ አላውቅም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ አንዱ ክርም ተበጥሷል።

በቅርቡ በእህቴ ሠርግ ላይ የራሴን ምግብ በምሳ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። እናቴ እስካሁን እንዳኮረፈች ነው። ጓደኞቼ «ከአንተ ጋር ሌላ ወሬ የለም» ይሉኛል። አንድ ቀን ከቀረሁ ሰውነቴ የሟሸሸ ይመስለኛል፣ እንቅልፍ እንኳ አይወስደኝም። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መወዳደር እፈልጋለሁ። ኮቼ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ አንዱን ምረጥ» ይለኛል። የቱን ልምረጥ?

ምሳ ዕቃ ተሸካሚው

መልስ

ወንድሜ፣ ምሳ ዕቃ ተሸካሚው ብለህ መፈረምህ ደስ ብሎኛል። በራሱ መሳቅ የሚችል ሰው ገና አልጠፋም።

መጀመሪያ የሚገባህን ልስጥህ። በአራት ዓመት ከ58 ኪሎ ወደ 81 መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። በክረምቱ ዝናብ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ የወር መጨረሻ ደርሶ ኪስ ሲራቆትም ሳይቀሩ መሄድ ማለት ነው። «ሥራ ፈት ነህ» የሚሉህን አትስማቸው። እኔም ጂም ተው ልልህ አይደለም። እሱን ለመስማት ከሆነ የጻፍክልኝ፣ እናትህ ይበቁሃል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የሰዓት እጥረት መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ። «ክራሩን ለምን እንዳቆምኩ አላውቅም» ትላለህ። ኳሱን ያቆምክበትን ታውቃለህ፣ ስህተትም ቢሆን ምክንያት አለህ። ክራሩ ግን ዝም ብሎ ነው የጠፋው። ማንም ተው አላለህም። ክራር ጡንቻ ይበላል ያለህም የለም። ታዲያ ምን በላው?

የሒሳብ ሰው ነህና በሒሳብ እንሂድ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ሥራ 45 በለው። ታክሲና መንገድ 10። እንቅልፍ በቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ብንይዝ 53 ገደማ ነው። ጂም በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በስድስት ቀን 15። ሲደመር 123። 45 ሰዓት ይተርፋል። ከዚህ ላይ መብላቱን፣ መታጠቡን፣ ልብስ ማጠቡን፣ ለቅሶ መድረሱን፣ ዘመድ መጠየቁን ሁሉ ቀንስ። ያም ሆኖ ለክራር ሁለት ሰዓት አጣሁ ብለህ ኦዲተር ፊት ብትቀርብ የሚያምንህ የለም።

ስለዚህ ሰዓቱ አይደለም። ሰውነት ግንባታ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ክራር ግድግዳ ላይ ስትሰቅለው እዚያው ይሰቀላል። ኳስ ፊሽካ ሲነፋ ያልቃል። ብረት ግን ጂም ውስጥ አስቀምጠኸው ብትወጣም ተከትሎህ ይመጣል። ማዕድ ላይ ይቀመጥና ስንት ግራም ነው ይላል። አልጋ ላይ ወጥቶ ስንት ሰዓት ተኛህ ይላል። ሠርግ ቤት ሳይጠራ ይገባል። መስታወት ባለበት ሁሉ ቆሞ ይጠብቅሃል። ስልክህን ስትከፍት ደግሞ ክንዱ ከአንተ የሚበልጥ ሰው መቼም አይጠፋም። መብላትና መተኛት የሥልጠናው አካል ስለሆኑ፣ ድንበር ካላበጀህለት ቀኑንም ሌሊቱንም ይወርሳል። አንተ የሰጠኸው 15 ሰዓት ነው። እሱ የወሰደው ግን ሌላ ነው።

ይህን የምልህ ከላይ ሆኜ አይደለም። በሃያዎቹ መጀመሪያ እኔም ሠርቻለሁ። ያኔ በሰፈራችን ጂም የሚባል ነገር አልነበረም። የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተን፣ መሀሉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክተን፣ ግቢ ውስጥ እንገፋ ነበር። ሁለቱ ጣሳዎች እኩል ስላልነበሩ ቀኝ ትከሻህ እስካሁን ከግራው ከፍ ይላል ትለኛለች ባለቤቴ። አላምናትም።

እሁድ ከሰዓት ከአባቴ ጋር በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ የመጫወት ልማድ ነበረን። አንድ እሁድ «ዛሬ ዕረፍቴ ነው፣ ልተኛ» አልኩት። ጡንቻ የሚያድገው በዕረፍት ነው ተብዬ ነበር፣ እውነትም ነው። ግን ቆርኪ ለመግፋት ምን ጡንቻ ያስፈልጋል? በሚቀጥለው እሁድም ተኛሁ። ከሁለት ወር በኋላ ብወጣ ጎረቤታችን ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ምንም አላለኝም። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ቆርኪው ተመለሰ። ወንበሬን ለማስመለስ ወራት ፈጅቶብኛል። ጎረቤታችን ደግሞ ሲጫወት ጎበዝ ነበር፣ እኔ እንደሱ አልነበርኩም።

አሁን ወደ ፍርሃትህ እንምጣ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ስለሆነ። አንድ ቀን ብቀር እሟሽሻለሁ ትላለህ። በአንድ ቀን የሚጠፋ ጡንቻ የለም። ከሥራ በኋላ የምታየው መወጠር ወደ ጡንቻው የገባ ደም ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል። ለጥቂት ቀናት ስታርፍና አበላልህ ሲቀንስ ደግሞ ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን የሚባለው ስኳርና አብሮት የሚቀመጠው ውሃ ይጎድላል። መስታወቱ ላይ አነስ ብለህ የምትታየው ለዚህ ነው። ሁለት ቀን በደንብ በልተህ ስትሠራ ይመለሳል።

በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር፣ ለአንተ ዓይነቱ ሰው ሁሌም የማነሳው። ተሳታፊዎቹ ለ16 ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን እግራቸውን በክብደት አሠሩ። ከዚያ ለ32 ሳምንት ተከፋፈሉ። አንዱ ቡድን ጨርሶ አቆመ። ሌላው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ የቀድሞውን ሥራ አንድ ሦስተኛ ሠራ። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ዘጠነኛውን ብቻ። ወጣቶቹ በአንድ ዘጠነኛዋ እንኳ የጡንቻቸውን መጠን ይዘው ቆዩ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ያን ያህል አልቀናቸውም፣ አንተ ግን 28 ነህ። ልብ በል፣ ለማሳደግ ይበቃል አላልኩም። ለመያዝ ነው። ግን ከሰባት ወር በላይ በሳምንት አንድ ቀን የያዘው ጡንቻ አንድ ማክሰኞ ስለቀረህ ጥሎህ አይሄድም።

ለማሳደጉስ ስድስት ቀን የግድ ነው? አይደለም። አንድን ጡንቻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሠራት ከአንድ ጊዜ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ከዚያ በላይ ቀን መጨመር ግን፣ የሳምንቱ ጠቅላላ ዙር (ሳታርፍ በአንድ ትንፋሽ የምትሠራው ድግግሞሽ) እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም። ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ከ10 እስከ 20 ከባድ ዙር በአራት ቀን ውስጥ በደንብ ይገባል። ዶሪያን ዬትስን ታውቀዋለህ መቼም። ከ1992 እስከ 1997 ሚስተር ኦሎምፒያ የተባለውን ትልቁን የሰውነት ግንባታ ውድድር ስድስት ጊዜ በተከታታይ የወሰደ እንግሊዛዊ ነው። የሚሠራው በሳምንት አራት ቀን ያህል ነበር፣ አንዱም ቀን ከአንድ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ሮኒ ኮልማንስ? እንዳንተው ሒሳብ ነው የተማረው፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለው። በ1998 የመጀመሪያውን ኦሎምፒያ ሲያሸንፍ ቴክሳስ ውስጥ በአርሊንግተን ከተማ ፖሊስነት ይሠራ ነበር። በእርግጥ በዚያ ደረጃ ያለው ዓለም መድኃኒት የሚርቀው አይደለም። ስለዚህ ክንዳቸውን አትመኝ፣ የቀን አቆጣጠራቸውን ግን ተመልከት።

በነገራችን ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ምን ስትሠራ ነው የሚያልፈው? እገምታለሁ። በ12 ሰዓት ከተማው ሁሉ ከሥራ ወጥቶ ጂም ይገባል። ቤንቹ ላይ ሦስት ሰው ወረፋ ይዟል። አንዱ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ትሬድሚል ላይ የነበሩት ሁሉ ወደ ብረቱ ይመጣሉ። በሁለት ዙር መሀል አንተም ስልክህን ታወጣለህ። ከዚህ ውስጥ እውነተኛው ሥራ 70 ደቂቃ ቢሞላ ነው። ከቻልክ ሁለቱን ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግባ። ካልቻልክም ስልክህን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆልፍበት።

ወደ ኳሱ ልምጣ። ሩጫ ጡንቻ ይበላል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገርህ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። ክብደት ማንሳት የሚወድ ሰው ነው። አለቃው ግን ሯጭ ነበርና አብሮት መሮጥ ጀመረ። ጥቂት ሲቆይ ጉልበቱ ቀነሰ። ለምን ብሎ ጠየቀና ጥናት አደረገ፣ በ1980 ታተመ። በሳምንት አምስት ቀን ብረት፣ ስድስት ቀን ደግሞ ሩጫና ብስክሌት፣ ለ10 ሳምንት። ሁለቱን ያጣመሩት ሰዎች እስከ ሰባትና ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ጉልበታቸው ጨመረ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወረደ። ወሬው ያን ጊዜ ተወለደ። እስቲ ቁጠረው፣ በሳምንት 11 ሥልጠና ነው። ያንተ ቅዳሜ ደግሞ ስድስት ለስድስት ሆኖ፣ ግማሹ ሰዓት «ጎል ነው፣ አይደለም» በሚል ክርክር የሚያልፍ ኳስ ነው። ከሂክሰን በኋላ የመጡት ጥናቶችም መጠነኛ ሩጫ የጡንቻን ዕድገት ብዙም እንደማይነካ ነው የሚያሳዩት። እንዲያውም አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከባድ የእግር ዙር ስትሠራ ቀድሞ የሚደክምህ እግርህ ሳይሆን ሳንባህ ከሆነ፣ ቅዳሜ የጠፋችበት ሰው ነህ።

መጠንቀቅ ያለብህ ሌላ ነገር ነው። እግር በሠራህ ማግስት ኳስ አትጫወት። የጡንቻ ሕመም የሚበረታው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። የዛለ እግር ደግሞ በድንገት ሲዞር ይሸመቀቃል። እኔ ብሆን ሰኞ እግር ከበድ አድርጌ እሠራለሁ። ማክሰኞ ደረት፣ ጀርባና ክንድ። ረቡዕ እግር ቀለል አድርጌ። ሐሙስ ጂም የለም። ዓርብ እንደገና የላይኛው አካል። ቅዳሜ ኳስ።

ሐሙስን ለምን ባዶ እንዳደረግኩት ገብቶሃል። የክራር ቀን ነው። ጀርባና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) በሠራህበት ምሽት ክራር አንስተህ ታውቃለህ? ጣት እንጨት ይሆናል። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን እየለቀቁ እየያዙ መሥራት አለባቸው፣ ብረት ጨብጠው የዋሉ ጣቶች ግን መጨበጥ እንጂ መልቀቅ አያውቁም። ምናልባት ክራሩን የበላው ይህ ሊሆን ይችላል። ማታ ከጂም ገብተህ ታነሳዋለህ። ጣትህ አልታዘዝ ይልሃል። ድሮ የምታወርደውን ትዝታ እንኳ ስትስተው ታፍራለህ፣ ትሰቅለዋለህ። ጂም ውስጥ በየወሩ ኪሎ ይጨምራል፣ ክራሩ ላይ በየወሩ ትወርዳለህ። ሰው ደግሞ ወደሚያሸንፍበት ነው የሚሄደው። ይህ የእኔ ግምት ነው። ትክክል ከሆነ ግን መፍትሔው ቀላል ነው፣ ጣትህ ባረፈበት ቀን ተጫወት።

አጎትህን አንስተሃልና አንድ ነገር ልበል፣ ከዚያ አልመለስበትም። ሰው ከሞተ በኋላ ያስተማረን ነገር ይከብዳል። አንዳንዴ ጊዜ አጣሁ የምንለው ሐዘኑን ላለመንካት ነው። እንደዚያ ከሆነ ጂሙ ጥፋት የለበትም። አንተው ታውቀዋለህ።

ስለ ሠርጉ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ነበር? አልነገርከኝም፣ ግን ላውቅ እችላለሁ። የተቀቀለ ዶሮና የተቀቀለ እንቁላል፣ ምናልባት ሩዝ። ሠርጉ ላይ የቀረበውስ? ዶሮ ወጥ። ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ዶሮና እንቁላል። ወንድሜ፣ ያኮረፉት እናት ይፈረድባቸዋል? ቅቤና ዘይት አለበት ትለኛለህ። አለበት። ውድድሩ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለጡንቻ ዕድገት የሚፈለገው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ነው፣ ለአንተ 130 ግራም መሆኑ ነው። እሱን በቀኑ መጨረሻ ከሞላህ፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ጭልፋ ከእህትህ ሠርግ ድስት ቢመጣ ጡንቻህ ልዩነቱን አያውቅም። እናትህ ግን ያውቃሉ። ደግሞ ጉርሻ በሚዛን አይለካም።

ለእናትህ በስልክ ይቅርታ አትጠይቅ። በመጪው እሁድ ባዶ እጅህን፣ ማለቴ ያለ ምሳ ዕቃ ሂድ። የቀረበልህን ብላ። ድገም ሲሉህ ድገም። ስለ ሠርጉ አንተ አታንሳ፣ እሳቸው ያነሱታል። ሲያነሱት ዝም ብለህ ስማ። ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ አትነሳ።

አሁን ስለ ውድድሩ። ተወዳደር። ሰው አራት ዓመት የሠራውን አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ማሳየት ቢያምረው ምንም ነውር የለውም። ግን ከዚህ እስከዚያ ያለውን ጊዜ ሁሉ እንደ መጨረሻው ሳምንት አትኑረው። የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆንክ አላውቅም፣ ምሳሌው ግን ይገባሃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የሚቻለውም 55 ቀን ስለሆነና መጨረሻው ስለሚታወቅ ነው። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁዳዴ ላይ ነህ፣ ፋሲካ ግን አልመጣልህም።

ስለዚህ ወሮቹን ለሁለት ክፈላቸው። ውድድሩ 14 ወይም 16 ሳምንት እስኪቀረው ድረስ የማሳደጊያ ጊዜ ነው። አራት ቀን ሥራ፣ በደንብ ብላ፣ ኳስህን ተጫወት፣ ሠርግ ሂድ። ከዚያ በኋላ የመቅጠኛው ጊዜ ይመጣል። በሳምንት ከክብደትህ ግማሽ እስከ አንድ በመቶ ብትቀንስ ይበቃል፣ በአንተ ኪሎ 400 እስከ 800 ግራም። ከዚያ ቢፈጥን የሚሄደው ጡንቻ ነው። ያን ጊዜ ሚዛንም ምሳ ዕቃም ቦታ አላቸው። ቀድመህ ለእናትህም ለጓደኞችህም ቀኑን ንገራቸው። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እንዲህ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ያላችሁትን እበላለሁ» በል። ሰው መጨረሻው የታወቀን ነገር ይታገሣል። የሚያስከፋው መጨረሻ የሌለው ነው።

ኳሱን በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት አቁም፣ ቁርጭምጭሚትህን ብለህ። ሄደህ ቁጭ ብለህ እያቸው እንጂ አትጥፋ። ክራሩን ግን በፍጹም እንዳታቆም። የመቅጠኛ ምሽት ረጅም ነው። ርቦህ፣ ኃይል አጥተህ፣ ገና 2 ሰዓት ሆኖ እንቅልፍ እምቢ ሲል ሰው ወይ ማዕድ ቤት ይገባል ወይ የሌላ ሰው ክንድ በስልክ ያያል። ሁለት እጅህ ክራር ላይ ከሆነ ሁለቱንም አትችልም። ውድድሩ ባለፈ ማግስትም እንዲሁ ነው። ብዙ ተወዳዳሪ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። የሚጠበቅ ቀን የለም፣ ሰውነቱም ውሃና ስብ እየያዘ ይመለሳል፣ መመለስም አለበት። ሌላ ምንም ያልያዘ ሰው ይህን መስታወት ፊት ቆሞ ብቻውን ያየዋል።

ኮችህ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ተረቱ ግን የሚከለክለው ሁለት ዛፍ በአንዴ መውጣትን ነው። አንዱ ዛፍ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይወርዱ መቀመጥን አላዘዘም። የአራት ቀኑን ፕሮግራም አሳየውና ስምንት ሳምንት እንሞክረው በለው። ሚዛኑና የምታነሳው ኪሎ ይፍረዱ። ውድድሩ ሲቃረብ ስለ መርፌ ካነሳብህ ግን ያኔ ኮች ቀይር። ከውጭ የገባ ሆርሞን ሰውነትህ የራሱን ማምረት እንዲያቆም ያደርገዋል። ልብንም ይጎዳል። በአንድ መድረክ ጭብጨባ የሚካስ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱን በቀልድ አላልፈውም። እንቅልፍ አይወስደኝም ብለሃል። ራስህን በሐቀኝነት ጠይቅ። ሰው ሁሉ ገዘፍክ እያለህ አንተ መስታወት ላይ የምታየው ቀጭን ሰው ነው? ትንሽ እንዳትመስል ብለህ በሙቀት ሹራብ ትደርባለህ? ጂም ላለመቅረት ስትል ሥራ አስቀርተህ ታውቃለህ? ተጎድተህም ትሠራለህ? ለዚህ በሕክምናው ስም አለው፣ መስል ዲስሞርፊያ (muscle dysmorphia) ይባላል። ሃሪሰን ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1993 በሰውነት ገንቢዎች ላይ አይተው ጻፉት። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በሚሠሩበት የምርመራ መመሪያ ውስጥ ገብቷል። አለብህ አላልኩም። ከአንድ ደብዳቤ እሱን የሚያውቅ የለም። ለአብዛኞቹ ጥያቄዎች መልስህ አዎ ከሆነ ግን የእኔም የኮችህም ምክር አይበቃም። የአእምሮ ሐኪም አነጋግር። አማኑኤል መሄድ ካስፈራህ በሌሎቹ ትላልቅ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ። ትከሻህ ቢወልቅ ወጌሻ ወይ ሐኪም ጋ አትሄድም?

ለዚህ ሳምንት ሥራህ ይኸው። ነገ የክራር ክር ግዛ፣ ትርፍም ያዝ፣ ምክንያቱም የቀሩትም ሁለት ዓመት ደርቀዋል። አንዱን ስትቀይር ሌላው ይበጠስ ይሆናል። አዲስ ክር ደግሞ ይለጠጣል፣ በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ቃኝተኸው አምስት ጊዜ ቢወርድ አትበሳጭ። ሐሙስ ማታ ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል። ዓርብ ለሰፈር ልጆች ደውልላቸው። ይሳደባሉ፣ ቻለው። ሁለት ዓመት የጠፋ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ደግሞ የትም አያጫውቱትም፣ በረኛ ነው የሚያደርጉት። ያንን ደረት አይተውማ ሌላ ቦታ አይሰጡህም። እሺ በልና ግባ።